መሣሪያን በሥፍራው ማኖር



አናጢ የሚኮራው በሠራው ጠረጴዛና ወንበር ነው። እነዚህን የሚያስገኙለት ግን መጋዙ፣ መላጊያውና መሮው መሆናቸው የታወቀ ነው። ሆኖም መሣሪያ የሚጎዳው በሥራ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከሥራ በኋላ በሚጣልበትም ሥፍራ ነው። ሁሉም ባንድ ሣጥን ውስጥ ተደባልቆ ሲቀመጥ የመሮው ስለት ከመዶሻው ጋር ይጋጫል፤ የመጋዙ ጥርስ ይዶለዱማል፤ አንዱን ለማውጣት በጭፍን የሚገባውም እጅ ይቆረጣል። ስለዚህ በቤታችሁ ጥቂት መሣሪያ የምታኖሩም ሆነ የመሥሪያ ቤት ወርክሾፕ የምትቆጣጠሩ ሁሉ፣ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ልብ እንድትሉ ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ በመዝገብ ቤት እያንዳንዱ ፋይል ቁጥርና መደርደሪያ እንዳለው ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የታወቀ ቦታ ይሰጠው። ከሥራው ጠረጴዛ በላይ ሰፊ ጣውላ በግድግዳው ላይ ይደረግና፣ መሣሪያው በሚሰቀልበት ሥፍራ ቅርጹ በቀለም ይሣልበት። ማታ ባዶውን የሚታየው ቅርጽ የጎደለውን መሣሪያ ያለ ቆጠራ ያስታውቃል። ዘወትር የሚፈለጉት በወገብና በዓይን መካከል ባለው ከፍታ ይሰቀሉ፤ ከባዶቹ ግን ወድቀው ሰው እንዳይጎዱ በታች ይቀመጡ።

ሁለተኛ፤ ስለት ያለው ሁሉ ይከለል። መሮ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ በተበሳ ጣውላ ውስጥ ይሰካና፣ ከፊቱ ቀጭን ጣውላ ይጋረድበት። መጋዝ በእጀታው ይሰቀል፤ ጥርሱም በቁመቱ በተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ይሸፈን። የመላጊያም ምላጭ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ይህ ሁሉ በቁልፍ ሊዘጋ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ከእርጥበት ይጠበቅ። ብረት የሚዝገው ውሃና አየር ባንድነት ሲያገኙት ነው። ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት እርጥብ አየር ሲነካው ላዩ ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ይህም በአዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ይብሳል። ስለዚህ የመስቀያው ጣውላ አየር እንዲያልፍበት ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ይራቅ። ሰጋቱራ እርጥበት ስለሚይዝ ከመሣሪያው ላይ ይጠረግ፤ የእጅ ላብም ይወልወል፤ ከዚያም ብረቱ በጥቂት የመኪና ዘይት ይታሽ። ዘይቱ ከበዛ ግን አቧራ ይሰበስባል፤ የሚሠራውንም እንጨት ያቆሽሻል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚያሠጋው እሳት ነው። የእንጨት እጀታ እንዳይሰነጠቅ በተልባ ዘይት ማሸት መልካም ልማድ ነው፤ አደጋው ያለው በማሻው ጨርቅ ላይ ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ሙቀት ይፈጥራል። ጨርቁ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና፣ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ሊነድ ይችላል። በአጠገቡ ሰጋቱራና ፍቅፋቂ ካለ ደግሞ ወርክሾፑ በሙሉ ሊወድም ይችላል። ስለሆነም ጨርቁን ከቤት ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ፣ አለዚያም ውሃ በተሞላ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ መንከር ይገባል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚያስፈልገው ጥቂት ጣውላ፣ ጥቂት ሚስማር፣ ሥራ ከማብቃቱም በፊት ለማስተካከያ የሚተው ሩብ ሰዓት ነው። ማታ በሥፍራው የተቀመጠ መሣሪያ ጧት ሳይፈለግ ይገኛል፤ ባለቤቱንም ከጉዳት ይጠብቃል።