«የንስሐ በርጩማ» የተባለው የጭፈራ ዜማ

በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ የሚገኙ ቫዮሊን መቺዎች ለጭፈራ ከሚመቷቸው የቆዩ ዜማዎች አንዱ «የንስሐ በርጩማ» ይባላል። ዜማው ጂግ ከሚባለው ወገን ነው፤ ይኸውም ስድስት አጫጭር ድምፆች ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚከታተሉበት፣ እግር አርፎ እንዳይቀመጥ የሚያደርግ ፈጣን ምት ነው። እንዲህ ላለው የደስታ ዜማ የንስሐ ስም እንዴት ተሰጠው?

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1560 ስኮትላንድ ከሮማው ጳጳስ ሥልጣን ተለይታ የካልቪንን ትምህርት ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ በየአጥቢያው ቄሱና ሽማግሌዎቹ ሸንጎ ተቀምጠው የሕዝቡን ጠባይ ይመረምሩ ጀመር። ሳታገባ የፀነሰች፣ ያስፀነሳትም፣ ሰንበትን የሻረ፣ የጎረቤቱን ስም ያጠፋ ሁሉ ይጠራል። ጥፋቱ የተረጋገጠበት ሰው እሑድ በጉባኤው ፊት ለዚሁ በተዘጋጀው በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ማቅ የሚያለብሱትም አለ። ቄሱም ሕዝብ እየሰማ ይገሥጸዋል። ለዝሙት የተለመደው ቅጣት ሦስት እሑድ ነበር፤ ለአመንዝራ ግን ይበዛል። በሚያውቁት ጎረቤትና ዘመድ ዐይን ፊት ሦስት እሑድ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። እውነቱን ለመናገር ያው ሸንጎ ከጥፋተኞች የሚቀበለውን መቀጮ ለአጥቢያው ድሆች ያውለው ነበር።

ከተቀጡት ሰዎች ስሙ የገነነው ባለቅኔው ሮበርት በርንስ ነው። በ1786 ዣን አርሞር የምትባል ልጃገረድ ከእርሱ ፀነሰች፤ አባቷም ለድኻ ገበሬ ልጄን አልሰጥም አለ። በርንስ ወደ ጃማይካ ለመሰደድ አስቦ ስለ ነበር ላጤ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ከቄሱ ፈለገ። ወረቀቱን ለማግኘት ግን በሞክሊን ቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት መቆም ግዴታ ሆነበት። የተደረገለት አስተያየት ቢኖር በርጩማው ቀርቶለት በራሱ መቀመጫ ዘንድ እንዲቆም መፈቀዱ ብቻ ነው። የሚያስገርመው፣ በዚያው በሐምሌ ወር መጨረሻ የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉ በኪልማርኖክ ታትሞ ወጣ፤ ዝናውም ስለ ተሰማ ጃማይካ ሳይሄድ ቀረ። ዣንም በመስከረም መንታ ወለደች፤ በ1788 ባልና ሚስትነታቸው ታወቀላቸው።

ወደ ቫዮሊኑ እንመለስ። እነዚያው የቤተ ክርስቲያን ሹማምንት «የሳንቲም ሠርግ» የሚባለውን በዓልም አጥብቀው ይነቅፉ ነበር። እንግዶቹ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በመዋጮው ምግብና መጠጥ ይቀርባል፤ ቫዮሊን መቺ ይቀጠራል፤ ጭፈራው እስከ ሌሊት ይዘልቃል። ሽማግሌዎቹ ኃጢአት የሚሉት ጭፈራ ለቫዮሊን መቺው እንጀራው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ለዜማው ይህን ስም ያወጣለት ሰው እየሣቀ ነው ያወጣው። እሑድ ጠዋት አንገት ደፍቶ የተቀመጠ ጎረምሳ በሌላው ሳምንት ሠርግ ቤት የበርጩማውን ስም የያዘ ዜማ ሲመታ ቢሰማ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

በርጩማዎቹ ከአገልግሎት ከወጡ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ በኤዲንብራ ሙዚየም ተቀምጦ የሚታይ አለ። ጂጉ ግን ዛሬም ይመታል።