ሰው ሠራሽ ዓይን እንዴት ይታጠባል?

በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው የቦረና ደጋ ዓይን የሚያጠፋው ነገር ብዙ ነው፤ አጥር ሲታጠር የሚፈናጠር እሾህ፣ አውድማ ላይ የሚገባ ገለባ፣ ሳይታከም የከረመ ቁስል። አካባቢው የሚገኝበት የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑም ይታወቃል። የተጎዳው ዓይን በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የሚገባው ሰው ሠራሽ ዓይን ማየት አይችልም፤ ሥራው የፊትን መልክ መመለስና የዓይን ቆቡ እንዳይሰረጉድ መደገፍ ነው።

ብዙ ሰው ድቡልቡል ይመስለዋል። ከቆቡ ሥር የሚገባው ግን እንደ እንቁላል ቅርፊት ስባሪ ጎበጥ ያለ ነገር ነው። ድሮ በጀርመን መስታወት ይሠራ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መስታወቱ ሲጠፋ አሜሪካኖች አክሪሊክ ወደሚባለው ፕላስቲክ ዞሩ። ዛሬ አብዛኛው አክሪሊክ ነው፤ የአጠባቡም ጣጣ የሚነሣው ከዚሁ ነው።

አክሪሊክና አልኮል አይስማሙም። በአልኮል የተዘፈዘፈ ዓይን ላዩ በቀጫጭን ስንጥቆች ይሞላል፣ ዓይናርና ጀርምም እዚያ ይሸሸጋል። ጀርም ይግደል የተባለው ለጀርም ቤት ሠራለት ማለት ነው! በረኪናም ቅሪቱ የዓይን ጎድጓዱን ያቃጥላል። መቀቀልም አይበጅም፤ መካነ ሰላም ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢሆንም፣ ያ ሙቀት ራሱ ዓይኑን ሊያጣምመው ይችላል። አመድና የጥርስ ሳሙና ይጭሩታል። እንዶድ ደግሞ ልብስ ያነጣ እንጂ ዓይን አካባቢ አይቅረብ፤ ክፉኛ ይቆጠቁጣል።

የሚበቃው ሳሙናና ንጹሕ ውሃ ነው። መጀመሪያ እጅ ይታጠባል፤ ሳህን ላይ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ዓይኑ ቢያመልጥ እንዳይጫር። ከዚያ ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና በጣት እያሹ፣ ፈልቶ በበረደ ውሃ ማለቅለቅ፤ ሙልጭልጭ ማለቱ እስኪጠፋ ድረስ። ጥጥ ክሩን ይተዋልና አይጥረጉበት፤ እንደረጠበ ይመለስ። ውጭ የሚያድር ከሆነ ክዳን ባለው ዕቃ፣ በኖርማል ሳላይን ውስጥ ይቀመጥ።

በየቀኑ ማውጣት ንጽሕና ይመስላል፤ ነገር ግን እጅ በበዛበት ቁጥር ዓይናሩም ይበዛል። ስንት ጊዜ እንደሚወጣ የሠራው ባለሙያ ይናገር። ለውዱእም ሆነ ፊት ለመታጠብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ቆቡን ወደ አፍንጫ አቅጣጫ መጥረግ ብቻ ነው፣ ወደ ጆሮ ከጠረጉት ሊዞር ወይም ሊወጣ ይችላል። በጋቢ ጫፍ መጥረግ ግን ይቅር። የተፈጥሮ ዓይኑ ቢወጣም የቆቡ የውስጥ ስስ ሽፋን አለና ትራኮማ ሊይዘው ይችላል።

ሐኪም ቤት ግን ሕጉ ሌላ ነው። ለልክ የሚሞከሩ ዓይኖች ከሰው ወደ ሰው ስለሚዞሩ በመድኃኒት መጽዳት አለባቸው፤ ከዚያም መድኃኒቱ ጨርሶ እስኪለቅ መታጠብ። ባለቤቱም ዓይኑን ለማንም አያውስ፣ ለወንድሙም ቢሆን።

ዓይናሩ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ከታየ ወይም ዓይኑ አልገባ ካለ ሳሙና መቀየር አይረዳም፤ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ነው። ላዩ የደነዘዘውንም ባለሙያው በዓመት አንድ ጊዜ ያህል ቢወለውለው ጥሩ ነው። አውድማ ሲወርዱም በቀረው ዓይን ላይ የማይሰበር መነጽር ማድረግ ነው።