ሽማግሌው ሳያልፉ እንጠይቃቸው

እናንተ የማታር አርሶ አደሮችና ከብት አርቢዎች! እነሆ ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ። የአባታችሁንም ስም ትጽፋላችሁ። የአያታችሁንስ? የአያታችሁን አያትስ? እስኪ እርሳስ አንሡና ሞክሩ። ስንት ስም ጻፋችሁ? አራት? አምስት? ከዚያ በላይ ያለው የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ እቤታችሁ ሽማግሌው ዘንድ ነው። ነገር ግን በደብተር ሳይሆን በቃል ነው ያለው።

ምን ይጠቅመናል?

ዘር መቁጠር የጨዋታ ነገር አይደለም። በኑዌር ባህል ልጅ ሲዳር የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ትውልድ ይቆጥራሉ። ዘመዳሞች ሆነው ከተገኙ ጋብቻው ይቀራል። የጥሎሽ ከብት ሲከፋፈልም ለአባት ወገን ድርሻ አለ፤ ለእናት ወገንም ድርሻ አለ። ባለድርሻው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በዘር ቆጠራ ነው። በሰሜኑ አገራችንም ገበሬው ልጁን ሲድር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል።

ሌላም ጥቅም አለው። በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ቤተሰብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ መጥቷል። ከወላጆቹ የተለየ ልጅ ጥቂት አልነበረም። የአያቶቹን ስም የያዘ ልጅ ዘመድ ፈልጎ ያገኛል። ያልያዘው ግን ማንን ብሎ ይጠይቅ?

እንዴት እንጠይቅ?

ማታ ከብቱ ታስሮ የኩበቱ ጭስ ሲነሣ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጡ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ በሉ፤ «ጓንዶንግ፣ በጉርምስናዎ የተሰጠዎት በሬ መልኩ ምን ዓይነት ነበር? በእሱ ስም ማን ይጠራዎት ነበር?» ያን ጊዜ ሽማግሌው ፈገግ ይላሉ። ጨዋታው ይመጣል። በሬውን ማን እንደሰጣቸው፣ የት ይግጥ እንደነበር፣ ከማን ጋር ይጠብቁ እንደነበር ይነግሯችኋል። እናንተም ሳታቋርጡ ስሙ።

ሴት አያቶችንም አትርሱ። የእናትን ወገን፣ የጋብቻውንና የልጆቹን ነገር አብልጠው የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

ዓመቱ እንዴት ይታወቃል?

ሽማግሌው ዓመተ ምሕረት ባይቆጥሩም ጊዜን ያውቃሉ። በአንድ ዘመን ግንባራቸውን የተቆረጡ ወንዶች አንድ የእኩያ ቡድን ናቸው፤ ቡድኑም የራሱ ስም አለው። ስለዚህ «ከየትኛው ቡድን ነዎት? ከእናንተ በፊትስ እነማን ተቆረጡ?» ብላችሁ ጠይቁ። ታላቅና ታናሹ ይለያል።

የታወቀ ነገርም ፍንጭ ይሆናል። ሽማግሌው «የእንግሊዝ መርከብ በባሮ ሲያልፍ ልጅ ነበርኩ» አሉ እንበል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ተዋውለው ስለነበር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። በክረምት ባሮ ሲሞላ መርከብ ይመጣ ነበር፤ ቡናም ጭኖ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። የእንግሊዝ አስተዳደር በሱዳን ያበቃው በ1948 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ ልጅ የነበሩ ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ናቸው ማለት ነው። አያችሁ? ዓመቱን ሳይናገሩ ዓመቱ ተገኘ።

ምን እንጠንቀቅ?

ቃል ብቻውን ያሳጥራል። ኤድዋርድ ኤቫንስ ፕሪቻርድ የተባለ እንግሊዛዊ አጥኚ በ1920ዎቹ ከኑዌሮች ጋር ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌዎቹ እስከ ጎሣው መሥራች ድረስ ከ10 እስከ 12 ትውልድ ይቆጥሩ ነበር። አዲስ ትውልድ ሲጨመር ግን ቁጥሩ ብዙም አይረዝምም። ለምን? ከመካከል ያሉ ስሞች ስለሚወድቁ ነው። ልጆቹ ቅርንጫፍ ሆነው ያልተለዩለት ሰው ስሙ ይዘለላል። እሱም አባት ነበር፤ ከብት ነበረው፤ ግን ተረሳ። የናንተም አያት ነገ እንዲህ እንዳይሆኑ ጻፏቸው።

ሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ ቢናገሩ አትከራከሯቸው። ሁለቱንም ጻፉና ማን እንደተናገረው አስታውቁ። ስለ ጥንት ጠብ ሲነሣ ደግሞ የራሳችሁን ወገን ብቻ ሰምታችሁ አትፍረዱ፤ ጎረቤቱንም ጠይቁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለም እንዴ?

አሁን ምን እናድርግ?

አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ ለዩ። በላዩ ላይ ያወራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። ከዚያ የአባትን ወገን በአንድ ገጽ፣ የእናትን ወገን በሌላ ገጽ አድርጉ። የጻፋችሁትን መልሳችሁ ለሽማግሌው አንብቡላቸው፤ የተሳሳተውን ያርማሉ። ደብተሩ በጎርፍ እንዳይበላሽ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጡት።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ሽማግሌው ዛሬ አሉ። ነገ ግን ማን ያውቃል? ዛሬ ማታ ጠይቋቸው።