የአማካዩ ቦታ የት ነው?

ከአንድ ሠልጣኝ



ባለፈው ቅዳሜ ከእራት በኋላ በሻይ ክበባችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ እስክንበተን ድረስ ሳይበርድ ቀረ። ርእሱ የፈተና ውጤት አልነበረም፤ የወጡ መቅጠንም አልነበረም። ስቲቨን ጄራርድ የሚባለው የሊቨርፑል አማካይ ተጫዋች ነበር። አንዱ ሠልጣኝ፣ «እንደ እሱ ያለ አማካይ እንግሊዝ አላፈራችም» ይላል። ሌላው፣ «ተወኝ እባክህ! ሩጫና ጉልበት እንጂ የመሐል ሜዳ ዕውቀት የለውም፤ ቦታውን አይጠብቅም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ሲጀመር አጥቂ መሆን ነበረበት» ብሎ እሳቱ ላይ ጋዝ ጨመረ። በመጨረሻ ሁለቱ የአንድ ክፍል ልጆች ሳይነጋገሩ ወደ መኝታቸው ሄዱ።

የሚገርመው፣ ሰውየው መጫወት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ታላቁን ጨዋታውን ሲጫወት ደግሞ ከመካከላችን አብዛኞቹ ወይ አልተወለድንም፣ ወይ ገና በአንቀልባ ላይ ነበርን። ታዲያ ይህ ክርክር ለምን አይሞትም? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማን እንደረታ ለመናገር አይደለም። ክርክሩ ለምን መቋጫ እንዳጣና ጥያቄው እንዴት ቢቀርብ መልስ እንደሚያገኝ በተቻለ መጠን ለማስረዳት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ አማካይ ማለት ምን ማለት ነው?

የበረኛ ሥራ ግልጽ ነው። አጥቂም ጐል ካገባ ይመሰገናል፣ ካላገባ ይወቀሳል። አማካይ ግን አንድ ስም ይኑረው እንጂ ሥራው ቢያንስ ሦስት ነው።

አንደኛው ከተከላካዮች ፊት የሚቆመው ነው። ኳስ ይነጥቃል፣ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ጨዋታውንም ከኋላ ይጀምራል። ኳስ ወዳዶች «ስድስት ቁጥር» የሚሉት ይህንን ነው። ሁለተኛው «ስምንት ቁጥር» የሚባለው ሲሆን፣ ከራሱ ጐል ክልል እስከ ተጋጣሚው ጐል ክልል የሚመላለሰው ነው። ሦስተኛው «ዐሥር ቁጥር» ከአጥቂው ጀርባ ሆኖ የመጨረሻዋን ኳስ የሚያቀብል፣ ሲመቸውም ራሱ የሚያገባ ነው። ከነዚህ ሌላ በቀኝና በግራ መሥመር የሚሰለፉ አማካዮች አሉ። (እዚህ ላይ ቁጥር ስንል ሥራውን እንጂ በማልያው ላይ የተጻፈውን ማለታችን አይደለም።)

እንግዲህ አንዱ ተከራካሪ ስለ ስድስት ቁጥር፣ ሌላው ስለ ዐሥር ቁጥር እያሰበ «ጥሩ አማካይ ነው፣ አይደለም» ቢባባሉ እንዴት ሊግባቡ ይችላሉ? አንዱ ስለ በሬ ሌላው ስለ ፈረስ እያወራ ማለት ነው።

የቤት ልጅ የመሆን ጣጣ

ጄራርድ በ1980 ዓ.ም. ሊቨርፑል አጠገብ ተወለደ። ገና በዘጠኝ ዓመቱ የሊቨርፑልን የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ገባ። ለዋናው ቡድን በኅዳር ወር 1998 ተሰለፈ፤ በ2003 አምበል ሆነ። በ2015 ክለቡን ሲለቅ 710 ጨዋታ ተጫውቶ 186 ጐል አግብቶ ነበር።

በገንዘብ የተገዛ ተጫዋች ሲሆን ደጋፊው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ዋጋውን ያወጣል ወይስ አያወጣም?» የቤት ልጅ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ደጋፊው እንደ ልጁ ያየዋል፣ ሲያጠፋም እንደ ልጁ ይቆጣዋል። ከሁሉም በላይ የጐደለው ቦታ ሁሉ እንዲሞላለት ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ውኃ ቢጠፋ የሚላከው የቤት ልጅ ነው፤ እንጨት ቢጠፋም የሚላከው ያው ልጅ ነው። ጄራርድም በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ በመሐል፣ በቀኝ፣ ከአጥቂ ጀርባና ከተከላካይ ፊት ተሰልፏል። ክርክሩም የመነጨው ከዚሁ ነው።

አራት ምስክሮች

ሀ) ኢስታንቡል፣ ግንቦት 2005። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ነው። እስከ ዕረፍት ኤሲ ሚላን ሊቨርፑልን 3 ለ 0 መራ። በዕረፍት አሠልጣኙ ራፋኤል ቤኒቴዝ ተከላካዩን ፊናንን አስወጥተው ዲትማር ሐማን የሚባለውን ከተከላካዮች ፊት የሚቆም አማካይ አስገቡ። ሐማን ኋላውን ሲጠብቅ ጄራርድ ወደ ፊት ተለቀቀ። በ54ኛው ደቂቃ በቴስታ አገባ። ሽሚሰር ሁለተኛውን ጨመረ። ሦስተኛው የመጣው ጄራርድ ላይ በተሠራ ጥፋት በተሰጠው ሪጎሬ ነው፤ በረኛው የመለሳትን ኳስ ሻቢ አሎንሶ ደግሞ አገባት። በስድስት ደቂቃ ውስጥ 3 ለ 3! ሚላኖች ሰርጂኞ የተባለውን ፈጣን የግራ መሥመር ተጫዋች ሲያስገቡ ደግሞ ጄራርድ ወደ ቀኝ ሄዶ ተከላካይ ሆነ። ሊቨርፑል በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈ። በአንድ ማታ ሦስት ቦታ መጫወቱ እዚህ ላይ ይስተዋል።

ለ) የ2005–06 የውድድር ዘመን። ቤኒቴዝ ጄራርድን ብዙ ጊዜ በቀኝ መሥመር አሰለፉት። ደጋፊው አጉረመረመ፤ «የመሐል ንጉሥ እንዴት ዳር ይቆማል?» አለ። ውጤቱ ግን በሁሉም ውድድሮች 23 ጐል ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች የዓመቱ ምርጥ ብለው መረጡት። ዳር ላይ ሲሆን የመሐሉን ክፍተት የመጠበቅ ግዴታው ስለሚቀንስለት ወደ ውስጥ ሰብሮ ለመግባት ነጻነት አገኘ ማለት ነው።

ሐ) የ2008–09 የውድድር ዘመን። ከፊቱ ፈርናንዶ ቶሬዝ፣ ከኋላው ሻቢ አሎንሶና ሐቪየር ማስቼራኖ ነበሩ። ማስቼራኖ ይነጥቃል፣ አሎንሶ ያከፋፍላል፣ ጄራርድ ከአጥቂው ጀርባ ሆኖ ይጨርሳል። በሁሉም ውድድሮች 24 ጐል አገባ። ሊቨርፑል በ86 ነጥብ ሁለተኛ ወጣ። የእግር ኳስ ጸሐፊዎች ማኅበርም የዓመቱ ተጫዋች አድርጎ መረጠው።

መ) የ2013–14 የውድድር ዘመን። ጄራርድ 33 ዓመት ሞልቶታል፤ እግሩ እንደ ድሮው አይሮጥም። አሠልጣኙ ብሬንዳን ሮጀርስ ከተከላካዮች ፊት አቆሙት። ከዚያ ሆኖ ረጃጅም ኳሶችን ለሱዋሬዝ፣ ለስተሪጅና ለስተርሊንግ ያቀብል ጀመር። ቡድኑ በሊጉ 101 ጐል አገባ። ነገር ግን በሚያዝያ 27 ቀን 2014 ከቼልሲ ጋር በተደረገው ጨዋታ ጄራርድ ኳስ ሲቀበል ተንሸራተተ። ዴምባ ባ ኳሷን ወስዶ አገባ፤ ሊቨርፑል 2 ለ 0 ተሸነፈ። ዋንጫውም በሁለት ነጥብ ልዩነት ለማንቸስተር ሲቲ ሆነ። ጄራርድም የእንግሊዝን ሊግ ዋንጫ ሳያነሣ ቀረ።

ይህችን መንሸራተት የችሎታ ማነስ ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ አለ። እውነቱን ለመናገር መንሸራተት ማንንም ይገጥማል። አጥቂ ቢንሸራተት ተመልካቹ ስቆ ያልፋል። ከተከላካዮች ጋር ሆኖ የሚንሸራተት ግን ጐል ያስገባል። ስለዚህ ቦታ ሲቀየር የሚቀየረው ሥራው ብቻ ሳይሆን የስሕተቱ ዋጋም ጭምር ነው። ደግሞም ቡድኑ በዚያ ዓመት 50 ጐል ተቆጥሮበታል። ከክሪስታል ፓላስ ጋርም 3 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 3 ለ 3 ወጥቷል። ይህንን ግን ማንም አያነሣውም!

«ከኋላው ማን ነበር?»

ወደ ሻይ ክበባችን ልመለስ። አንድ አንጋፋ መምህራችን ሻያቸውን ይዘው ሲያዳምጡን ቆይተው ከጠረጴዛው ላይ ቆርኪዎች ለቃቀሙና እንደ ቡድን ደረደሯቸው። ከዚያም፣ «እናንተ የምትከራከሩት ስለ አንድ ቆርኪ ነው፤ ጨዋታው ግን በዐሥራ አንድ ነው። ከኋላው ማን ነበር? እሱን ንገሩኝ» አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። እኔም ይህንን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚያች ጥያቄ ምክንያት ነው።

ከላይ ያሉትን ምስክሮች በዚህ ጥያቄ እንያቸው። ኢስታንቡል ላይ ጄራርድ ነጻ የወጣው ሐማን ሲገባ ነው። በ2009 ያበበው አሎንሶና ማስቼራኖ ስላሉ ነው። በዚያው ክረምት አሎንሶ ለሪያል ማድሪድ ተሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት ሊቨርፑል ሰባተኛ ወጣ፤ የጄራርድም የሊግ ጐል ከ16 ወደ 9 ወረደ። የቶሬዝ ጉዳትን የመሰለ ሌላ ምክንያትም ስለነበረ ሁሉንም በአሎንሶ መሄድ ማሳበብ አይገባም። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ሰውየው ያው ሰው ነው፣ የተለወጠው አጠገቡ የነበረው ሰው ነው።

የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድንም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጄራርድ፣ ፍራንክ ላምፓርድና ፖል ስኮልስ በአንድ ዘመን ተገኙ። በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ጄራርድና ላምፓርድ መሐል ሲሰለፉ ስኮልስ ወደ ግራ ተገፋ። በዚያው ዓመት ገና በ29 ዓመቱ ከብሔራዊ ቡድን ራሱን አገለለ። ጄራርድና ላምፓርድም አብረው ሲሆኑ በየክለባቸው እንደነበሩት አልሆኑም። ላምፓርድ በቼልሲ ከኋላው ማኬሌሌ ነበረው፤ ጄራርድም ሐማን ወይም አሎንሶ ነበረው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታቆማቸው ሁለቱም ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ኋላ ማን ይቀራል? ችሎታቸው አልጠፋም፤ ድርድሩ ግን አልገጠመም።

እንግዲህ እንዴት እንከራከር?

ከዚህ በኋላ ስለ ማንኛውም አማካይ፣ ስለ ሰፈራችን ልጅም ይሁን ስለ ውጭ ተጫዋች፣ ስንከራከር አስቀድመን ሦስት ነገር ብንጠያየቅ ጠብ ይቀንሳል፤ ዕውቀትም ይገኛል።

1. ስለ የትኛው የአማካይ ሥራ ነው የምናወራው?
2. ከኋላው፣ ከጐኑና ከፊቱ እነማን ነበሩ?
3. የምንለው እሱ ብዙ የሚያገባበትን ቦታ ነው ወይስ ቡድኑ የሚጠቀምበትን? ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

የእኔን አስተያየት ለሚጠይቅ፣ የጄራርድ ምርጥ ቦታ ከአጥቂው ጀርባ፣ ሁለት ጠባቂዎች ከኋላው ቆመውለት ነው እላለሁ። «ቦታውን አይጠብቅም» ያለው ጓደኛችንም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ያ ጉድለት የሚታየው ግን ጠባቂ ሳይኖረው መሐል ሲቆም ነው። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ!

ለእኛ ለነገ መምህራን

ይህ የኳስ ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። በማስተማር ልምምድ ጊዜ አንድ ልጅ በተደጋጋሚ ወደ ሰሌዳ ጠራሁት። ጠመኔውን ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል። በደብተሬ ላይ ከስሙ ትይዩ «ደካማ» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ተማሪዎቹን በቡድን በቡድን ሳስቀምጣቸው ያው ልጅ ለሦስት ጓደኞቹ ክፍልፋይን በእንጀራ እየመሰለ ሲያስረዳቸው አገኘሁት። ከእኔ የተሻለ ነበር ያስረዳው። ጓደኞቹ አጠገቡ ሲሆኑ አንደበቱ ተፈታ። እኔ ለካ ልጁን ሳይሆን ያቆምኩበትን ቦታ ነው የለካሁት።

ያን ቀን «ደካማ» የምትለዋን ቃል ሰረዝኳት። ተሰርዛ ባትሆን ኖሮ ቀጥሎ ወደ ክፍሉ የሚገባው መምህር ልጁን በእኔ ቃል ያውቀው ነበር። ጄራርድስ ቢያንስ ቦታ የሚቀያይሩለት አሠልጣኞች፣ የሚሟገቱለትም ብዙ ሺህ ደጋፊዎች ነበሩት። የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪ ያለው አንድ መምህር ብቻ ነው። ስለዚህ «ይህ ልጅ አይችልም» ከማለታችን በፊት የት እንዳቆምነውና አጠገቡ ማን እንዳለ እንጠይቅ።

እነዚያ የተኳረፉት ሁለቱ ጓደኞቻችንም ይህንን ጽሑፍ ቆመው የሚያነቡ ከሆነ ይታረቁ። ቆርኪዎቹ አሁንም እሻይ ክበቡ ጠረጴዛ ላይ አሉ።