ዊኮምብ ለምን ወረደ?

አንድ የቻናላችን ተከታታይ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ "ወንድሜ፣ የእንግሊዝ ቻምፒዮንሺፕ የደመወዝ ጣሪያ አለው ወይስ የለውም? ካለው ክለቦቹ ለምን ይከስራሉ? ከሌለው ደግሞ ነጥብ የሚቀነስባቸው በምን ጥፋት ነው?" አጭሩ መልስ "የለውም" ነው። ያንን ብቻ መልሼ ልተወው ነበር፤ ግን ነገሩ ከሒሳብ አልፎ ማን ወርዶ ማን እንደተረፈ የሚወስን ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሜይ 8 ቀን 2021 እንነሳ። የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ቀን ነው። ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ ያለው ቻምፒዮንሺፕ 24 ክለቦች አሉት፤ እያንዳንዱ 46 ጨዋታ ያደርጋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ወደ ሊግ ዋን ይወርዳሉ። በዚያ ቀን ደርቢ 43፣ ሮዘራም 41፣ ሸፊልድ ዌንስዴይና ዊኮምብ 40 40 ነጥብ ይዘው ገቡ። ከአራቱ የሚተርፈው አንድ ብቻ ነው። ደርቢና ዌንስዴይ ደግሞ እርስ በርስ ይጫወታሉ። ዌንስዴይ መራ፣ ደርቢ ገለበጠው፣ ዌንስዴይ መልሶ ገለበጠው፣ ከዚያ ማርቲን ዋጎርን በፍጹም ቅጣት ምት 3 ለ 3 አደረገው። ካርዲፍ ላይ ሮዘራም እየመራ ነበር። አሸንፎ ቢወጣ ከደርቢ ጋር እኩል 44 ይሆንና በግብ ክፍያ ይተርፋል። 88ኛው ደቂቃ ላይ ግብ ገባበትና አቻ ተለያየ። ዊኮምብ ደግሞ ሚድልስብሮ ሄዶ 3 ለ 0 አሸነፈ፤ 43 ነጥብ ላይ ቆመ። ደርቢ በ44 ተረፈ።

በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ሊግ የመጣው ትንሹ ዊኮምብ በአንድ ነጥብ ወረደ። በሜዳ ላይ ያለው ታሪክ ይኸው ነው። የወረቀቱ ታሪክ ግን ሌላ ነው።

ቻምፒዮንሺፑ ያለው ገደብ የኪሳራ ገደብ ነው። አንድ ክለብ፣ ባለቤቱ ከኪሱ የሚሸፍንለት ከሆነ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ እስከ 39 ሚሊዮን ፓውንድ ድረስ መክሰር ይፈቀድለታል። በፕሪሚየር ሊጉ ይኸው ቁጥር 105 ሚሊዮን ሆኖ ነው የቆየው። ለአንድ ተጫዋች በሳምንት ስንት ይከፈል፣ የቡድኑ ጠቅላላ ደመወዝ ስንት ይሁን የሚለው ላይ ሕጉ ምንም አይልም። ገቢ ካለህ የፈለግከውን ክፈል። ገቢ ከሌለህ ደግሞ ገቢ የምታስመስልበትን መንገድ ፈልግ፤ ብዙዎቹ ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

ደርቢ በ2018 ስታዲየሙን ፕራይድ ፓርክን ለራሱ ለክለቡ ባለቤት ለሜል ሞሪስ በ81.1 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ሜዳው ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ደጋፊውም እዚያው ወንበሩ ላይ ነው፤ ሒሳቡ ላይ ግን ኪሳራው ጠፋ። ዌንስዴይም ሂልስብሮን ለባለቤቱ ለዴጅፎን ቻንሲሪ ሸጠ። የዌንስዴይ ችግር መሸጡ አልነበረም፤ ሽያጩን በማይመለከተው ዓመት ሒሳብ ውስጥ ማስገባቱ ነበር። በጁላይ 2020 መጨረሻ 12 ነጥብ ተቀነሰበት፣ በይግባኝ ወደ 6 ዝቅ አለ።

እዚህ ላይ ቀኑን ልብ በሉ። ቅጣቱ የተሰማው የ2019-20 ውድድር ካለቀ በኋላ ስለሆነ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ዌንስዴይ በዚያ ባለቀው ዓመት 56 ነጥብ ነበረው። 12ቱ ያኔውኑ ቢቀነስበት 44 ሆኖ ይወርድ ነበር፤ በ48 ነጥብ የወረደው ቻርልተን ደግሞ ይተርፍ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ባለ ዕዳ ዌንስዴይ ሆኖ ሳለ ከፋዩ ቻርልተን ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት ዌንስዴይ በ41 ነጥብ መጨረሻ ወጣ። ስድስቱ ባይቀነስበት 47 ይሆንና የሚወርደው ደርቢ ነበር። ደርቢ የዳነው በጎረቤቱ ቅጣት ነው ማለት ነው። የራሱ ቅጣት ግን ገና በመንገድ ላይ ነበር። ክለቦች የዝውውር ወጪን በውሉ ዘመን ላይ ያከፋፍላሉ፤ በ10 ሚሊዮን ተገዝቶ አራት ዓመት የፈረመ ተጫዋች በየዓመቱ 2.5 ሚሊዮን ሆኖ ይመዘገባል። ደርቢ "ውሉ ሲያልቅም ተጫዋቹ የሚያወጣው ዋጋ ይኖረዋል" እያለ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጪውን አሳንሶ ይጽፍ ነበር። እግር ኳስ ውስጥ ውሉ ያለቀበት ተጫዋች በነጻ እንደሚሄድ ሕፃን ልጅም ያውቃል! ክሱ የተመሠረተው በጃንዋሪ 2020 ነው። መጀመሪያ ውድቅ ሆነ፤ ኢኤፍኤል (ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያሉትን ሦስት ሊጎች የሚያስተዳድረው አካል ነው) ይግባኝ አለ፣ ይግባኙን በሜይ 2021 አሸነፈ። ያ ውድድር ግን አልቆ ነበር።

የዚያ ክረምት ነገር እስካሁን ያስቀኛል። ኢኤፍኤል የአዲሱን ዓመት መርሐ ግብር ሲያወጣ የደርቢና የዊኮምብ ጨዋታዎች አንዱ በሌላው ሊተካ እንደሚችል አብሮ አሳወቀ። ሁለቱም ክለቦች በየትኛው ሊግ እንደሚጫወቱ በእርግጠኝነት አያውቁም ነበር። በመጨረሻ ደርቢ በቻምፒዮንሺፑ ቆየ፣ ዊኮምብ ወረደ። በኖቬምበር 2021 ደርቢ ጥፋቱን አምኖ 9 ነጥብ ተቀነሰበት። እነዚያ 9 ነጥቦች ከስድስት ወር በፊት ቢቀነሱ ዊኮምብ አይወርድም ነበር።

ደርቢ ያን ዓመት ከሁለት ወር በፊትም በኪሳራ ምክንያት በፍርድ ቤት አስተዳዳሪዎች እጅ ስለገባ 12 ነጥብ ተቀንሶበት ስለነበር ድምሩ 21 ሆነ። በዌይን ሩኒ የሚሠለጥኑት ልጆች ሜዳ ላይ 55 ነጥብ ሰበሰቡ፤ ሰንጠረዡ ላይ 34 ሆኖ ወረዱ። ለእኔ ከብዙ ዋንጫ ይልቅ ያ ቡድን ይታወሰኛል። በዚያው ዓመት ሬዲንግም የኪሳራ ገደቡን በመጣሱ 6 ነጥብ ተቀንሶበት በ41 ነጥብ 21ኛ ሆኖ ተረፈ፤ ከእሱ በላይ የተቀጣ ደርቢ ባይኖር ወራጁ እሱ ነበር። ሬዲንግ ግን ሌላ 6 ነጥብ በገደብ ተይዞበት ነበር። የተስማማበትን የወጪ ዕቅድ ሳያከብር ቀረና በኤፕሪል 2023 ያ 6 ነጥብ ተቀነሰበት። በ44 ነጥብ ወረደ፤ ስድስቱ ባይቀነስ 50 ይሆን ነበር፣ ካርዲፍ ደግሞ በ49 የተረፈው በዚያ ምክንያት ነው።

አንዱ ዓመት ላይ የተበላው ገንዘብ ሌላ ዓመት ላይ፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ክለብ ላይ ይወራረዳል። ስለዚህ ወራጅ ቀጠናን ስናይ የማን አጥቂ ግብ አጣ ከማለታችን በፊት የማን ሒሳብ መቼ ተመረመረ ብንል ይሻላል።

ለምን ይህን ያህል ያወጣሉ? ወደ ፕሪሚየር ሊግ መውጣት ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ስለሚያስገኝ ነው። የቻምፒዮንሺፕ ባለቤት ዕቁቡ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣልኛል ብሎ ዛሬ የሚበደር ሰው ነው። በሒሳብ ድርጅቱ በዴሎይት ዓመታዊ ዘገባ መሠረት በ2018-19 የክለቦቹ ጠቅላላ ደመወዝ የገቢያቸው 107 በመቶ ነበር። ስታዲየሞች በኮቪድ በተዘጉበት በ2020-21 ደግሞ 125 በመቶ ደረሰ። ከሚያስገቡት ሁሉ በላይ ለደመወዝ ብቻ ይከፍላሉ ማለት ነው። መብራት፣ ሣር፣ ጉዞ፣ ዝውውር ገና አልተቆጠረም።

በዚህ ላይ የፓራሹት ክፍያ አለ። ከፕሪሚየር ሊግ የወረደ ክለብ ከቴሌቪዥን ገቢው የእኩል ድርሻ 55 በመቶ፣ በሁለተኛው ዓመት 45 በመቶ፣ በፕሪሚየር ሊጉ ከአንድ የውድድር ዘመን በላይ ቆይቶ ከሆነ ደግሞ በሦስተኛው 20 በመቶ ያገኛል። የመጀመሪያው ዓመት ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ ይበልጣል፤ ፓራሹት የሌለው ጎረቤቱ ከፕሪሚየር ሊጉ የሚደርሰው 5 ሚሊዮን ገደማ ነው። የኪሳራ ገደቡ ለሁለቱም አንድ ቢሆን እንኳ ምን ዋጋ አለው? ይህ ሆኖም ገንዘቡ ዋስትና አይደለም። ሉተን በ2024 ከፕሪሚየር ሊግ ወርዶ ፓራሹቱን ይዞ መጣ፤ በመጨረሻው ቀን በዌስትብሮም 5 ለ 3 ተሸነፈና ከሃል ጋር እኩል 49 ነጥብ ይዞ በግብ ክፍያ ወደ ሊግ ዋን ወረደ።

እውነተኛ የደመወዝ ጣሪያ ተሞክሯል፣ ግን ከዚህ በታች ባሉት ሊጎች ነው። በኦገስት 2020 የሊግ ዋን ክለቦች በዓመት 2.5 ሚሊዮን፣ የሊግ ቱ ክለቦች 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ጣሪያ በድምፅ አጸደቁ። የተጫዋቾች ማኅበሩ ሳንማከር ተወሰነብን ብሎ ከሰሰ፤ በፌብሩዋሪ 2021 ጣሪያው ፈረሰ። ለቻምፒዮንሺፑም 18 ሚሊዮን የሚል ሐሳብ ሲንሸራሸር ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። የሚከብድበትን ምክንያት ለማየት ጃክ ሮድዌልን ማስታወስ ይበቃል። ሰንደርላንድ በ2017 ወደ ቻምፒዮንሺፕ ሲወርድ የልጁ ውል ውስጥ "ከወረድን ደመወዝ ይቀነሳል" የሚል አንቀጽ አልነበረም፤ በሳምንት 70 ሺህ ፓውንድ ገደማ እንደሚከፈለው ተዘግቧል። በዓመት ሲባዛ የአንድ ሰው ደመወዝ ብቻውን ያንን የሊግ ዋን ጣሪያ ያልፋል።

በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ (ይኼ በእኛ አቆጣጠር ነው) የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተስማምተው ነበር። በጓሮ ስለሚከፈለው ምን ሲወራ እንደከረመ ኳስ ለሚከታተል ሰው መንገር አያስፈልግም።

እኔ ጣሪያው 18 ይሁን 25 ሚሊዮን ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ የሚቆጠርበት ጊዜ ነው። ስፔን ውስጥ ላሊጋ ለእያንዳንዱ ክለብ የቡድን ወጪ ልክ አስቀድሞ ይሰጣል፤ ካለፈ ተጫዋቹ አይመዘገብም። በኦገስት 2021 ሜሲ እያለቀሰ ከባርሴሎና የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ያማል፤ ግን ባርሴሎና ባወጣው ገንዘብ ሌላ ክለብ አልወረደም። የእንግሊዙ አሠራር አስቀድሞ ያስፈርማል፣ ያጫውታል፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ዳኛ ይሰይማል።

ሰው ሕጉ ክፉ ባለቤትን ያስቆማል ሲለኝም ዌንስዴይን አሳየዋለሁ። ያው ክለብ፣ ያው ባለቤት፣ በ2025 የተጫዋቾቹን ደመወዝ በተደጋጋሚ አዘገየ፤ በኦክቶበር በአስተዳዳሪዎች እጅ ገባና 12 ነጥብ፣ በዲሴምበር ሌላ 6 ነጥብ ተቀነሰበት።

አዲስ ነገር ካለ በጁላይ 2025 የጸደቀው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ ነው። ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ አቋቁሟል፤ ክለቦች ለመጫወት ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፣ ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ የገንዘብ ዕቅዳቸውን አስቀድመው ያሳያሉ። ፕሪሚየር ሊጉና ኢኤፍኤል በገንዘብ ክፍፍሉ ካልተስማሙም ጣልቃ የመግባት ሥልጣን አለው፤ የፓራሹት ክፍያውም በዚያ ውስጥ ይታያል። እኔ የምከታተለው ይህንን ክፍል ነው። ፓራሹቱ ሳይነካ የደመወዝ ጣሪያ ቢመጣ 40 ሚሊዮን ይዞ የመጣው ክለብ ጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ ይቀጥርበታል እንጂ ከዊኮምብ ጋር እኩል አይሆንም።