አንድ አንጓ ስንት ሜትር ይወጣዋል?

ሰው ሲወለድ የአከርካሪው አንጓ 33 ነው። አብዛኛው እባብ ግን ከ200 እስከ 400 አንጓ ደርድሮ ይሄዳል። እባብ ሞቶ በደለል ሲቀበር ለሚሊዮን ዓመታት ተርፎ የሚገኘውም ከሞላ ጎደል ይኸው አንጓ ነው። የራስ ቅሉ አጥንቶች ትልልቅ ግዳይ ለመዋጥ እንዲመቹ ላላ ብለው የተያያዙ ናቸውና ሥጋው እንደበሰበሰ ይበታተናሉ። ስለ ጥንት እባቦች ርዝመት የምንሰማው ቁጥር፣ የቱንም ያህል ቢያስደነግጥ፣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት አንጓዎች ላይ የተሠራ ስሌት ነው።

ፋዩምን እንይ። ከካይሮ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው ይህ በረሃ ከ40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዓሣ ነባሪ የሚዋኝበት የባሕር ዳርቻ ነበር። ተመራማሪው ቻርልስ አንድሩስ እ.ኤ.አ. በ1901 ከዚያ በወጡ አንጓዎች ተነሥቶ ጋይጋንቶፊስ ጋርስቲኒ የተባለውን እባብ ለዓለም አስተዋወቀ። ርዝመቱ ከ9 ሜትር በላይ ነው ሲባል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን አንጓዎቹ እንደገና ተለክተው 6.9 ሜትር ተባለ፤ ቢጨምር ቢቀንስ 30 ሴንቲ ሜትር። ከ2 ሜትር በላይ የተቀነሰው በስሌት ብቻ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። አንጓ አንገት አካባቢ ትንሽ ነው፣ መሐል ገላ ላይ ይሰፋል፣ ወደ ጭራ እንደገና ይጠባል። ስለዚህ የተገኘው አንጓ ከየትኛው የገላ ክፍል እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ከዚያ በሕይወት ያሉ ዘመዶቹ አንጓቸው ያን ያህል ሲሰፋ ስንት ሜትር እንደሚሆኑ ይታያል። የመጀመሪያው ግምት ከሳተ ሜትሩም አብሮ ይስታል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው የሕንዱ ቫሱኪ ኢንዲከስ ይህን በግልጽ ያሳያል። ጉጅራት ውስጥ የተገኙት አንጓዎች 27 ሲሆኑ ትልቁ 11 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ርዝመቱ ከ10.9 እስከ 15.2 ሜትር ተገምቷል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው 4.3 ሜትር ብቻውን በአገራችን ቆላ የሚገኝ አንድ ትልቅ ዘንዶ ያክላል!

ከኮሎምቢያው የሴሬሆን ከሰል ማዕድን የወጣው ጥንታዊ እባብ ቲታኖቦአ ደግሞ 12.8 ሜትርና 1,135 ኪሎ ተብሏል፤ ከ11 ኩንታል በላይ። የእባብ ገላ የሚሞቀው ከአካባቢው ነውና ተመራማሪዎቹ ከግዝፈቱ ተነሥተው እባቡ የኖረበትን ስፍራ የያኔ አማካይ የሙቀት መጠን ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርገው አስልተዋል።

ለእኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁጥር 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ሊባኖስ ውስጥ አል ነሙራ ከሚባል ስፍራ የተገኘው ዩፖዶፊስ 95 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ፣ ግማሽ ሜትር የሚሆን እባብ ነው። ዳሌው አጠገብ 2 ሴንቲ ሜትር የምትሆን የኋላ እግር አለችው። ሁለተኛዋ እግር በድንጋዩ ውስጥ ተደብቃ ስለነበር ግሬኖብል ላይ በኃይለኛ ኤክስሬይ ታየች። ጉልበት አላት፣ 4 የቁርጭምጭሚት አጥንቶችም አሏት፤ ጣት ግን የላትም። የአጥንቱ ውስጣዊ መዋቅር በምድር ላይ ከሚኖሩ የዛሬ እንሽላሊቶች እግር ጋር ይመሳሰላል፤ ተመራማሪዎቹም እባብ እግሩን ያጣው እግሩ ሲያድግ ፍጥነቱ ስለቀነሰ ወይም የሚያድግበት ጊዜ ስላጠረ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል።