ዘንባባው የሚቆጥረው ምንድን ነው?

መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ከዛገ መቀስና ከተሰበረ ፋኖስ መካከል፣ የጥብጣቡ ጫፍ የተበላ ነገር ግን አምስት ጥቃቅን ዘንባባዎቹ ሳይረግፉ በተራ እንደ ተሰኩ ያሉ አንድ የአርበኝነት ሜዳልያ አየሁ። ባለ ሱቁ በመዳፉ መዘን አድርጎ «አምስት ጣልያን የገደለ ሰው ነው» አለኝ፤ ከአጠገቡ ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡ አዛውንት ደግሞ «ባለ ዘንባባ ሁሉ አርበኛ አይምሰልህ ልጄ፤ ራስ አበበ አረጋይ እንኳ ለጣልያን ገብተው ነበር» ሲሉ ጨመሩበት።

የባለ ሱቁ ስሕተት በአንድ ቃል ይታረማል፤ ዘንባባው የሚቆጥረው በዱር የከረሙበትን ዓመት እንጂ ሬሳ አይደለምና፣ አምስቱ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለውን ዘመነ መከራ ያመለክታሉ። የአዛውንቱ ግን ከዚህ የከፋ ነው። ይኸው ሐሜት በየልቅሶ ቤቱ ሲደጋገም፣ የአርበኛ ልጅም የአባቱን ስም አንሥቶ ለመናገር ሲያፍር በዓይኔ ስላየሁ፣ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ለማለፍ ትዕግሥት አጣሁ።

በእርግጥ ወሬው ከባዶ አልተነሣም። የኢጣልያው ጄኔራል ናሲ በ1931ና በ1932 ዓ.ም. የሸዋውን አርበኛ በመልእክተኛና በደብዳቤ ለማስገባት እንደ ደከመ፣ ራስ አበበም ለቃሉ ቃል እንደ መለሱለት እውነት ነው። ነገር ግን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን የምሕረት ቃል አምነው እጃቸውን ቢሰጡ ፍቼ ላይ የጠበቃቸው ሞት መሆኑን የሰማ፣ የራስ ጎበና የልጅ ልጅና ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበረ ሰው፣ ነፍሱን በጠላት ማኅተም ያስይዛል ብሎ ማሰብ ምን የሚሉት የዋህነት ነው? ድርድሩ በተራዘመ ቍጥር ገበሬው ይዘራል፣ ቍስለኛው ያገግማል፤ ናሲ የጓጓለት የመግቢያ ቀን ግን ሳይመጣ ቀረ። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ራስ አበበ እዚያው ዱር ነበሩ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡም ከነአርበኞቻቸው ተቀብለዋቸዋል። በልባቸው ለአንዲት ሌሊት እንኳ መግባትን አስበው እንደ ሆነ፣ ያን ልብን የሚመረምር አምላክ ይወቀው፤ እኔም ሆንሁ አዛውንቱ ዳኞች አይደለንም።

ራስነታቸው የቤተ መንግሥት ድግስ ስጦታ ነው የሚሉም አሉ፤ ወረራው ሲጀመር ባላምባራስ ነበሩ፣ ራስ መባላቸውም ከዱር ነው። ከድል በኋላ ተረስተው ቀሩ የሚለውንማ፣ የጦር ሚኒስትርነታቸውና በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በገነተ ልዑል የወደቁበት መፈንቅለ መንግሥት ይመልሱታል።

ይህን ሁሉ ስዘበዝብ አዛውንቱ ሻያቸውን ጨርሰው ዝም አሉ። ባለ ሱቁ ግን ሜዳልያውን በሎሚ ማሸቱን ሳያቋርጥ፣ «ሬሳ ሳይሆን ዓመት ከሆነማ፣ ጋሼ፣ በቅድሙ ዋጋ አልሸጠውም» አለኝ።